በውስወሳው በኩል የገባው ዝናብ

ልብስ ሰፊው ከጠዋት ጀምሮ ያየው ነገር ቢኖር የሚስቱን ጀርባ ብቻ ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው አገር ምድሩን ከላይ ሆኖ ሊያይ ነው ይባላል፤ እሱ ግን አቀበቱ ትንፋሹን ስለነጠቀው ቀና ማለት አቅቶት፣ ከፊቱ ከፍ ዝቅ የሚለውን ጥቁር አረንጓዴ የዝናብ ልብስ እያየ ይጎተታል። ልብሱ የራሱ የእጁ ሥራ ነው። ትከሻው ቀጥ ብሏል፤ እጅጌው አልተጣመመም፤ ጀርባው ላይ አንዲት ጭምድድ የለችም። ከፍታው ጭንቅላቱን እንደ ጋለ ካውያ ተጭኖት፣ እግሩ የሌላ ሰው እግር መስሎት እንኳ፣ «ስፌት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው!» ማለቱን አልተወም። በልቡ ነው እንጂ፣ በአፉማ ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ ከየት አምጥቶ!

ከሚስቱ ፊት ጓዛቸውን የተሸከመችው በቅሎ አለች፤ ከበቅሎዋ ፊት መንገድ መሪው። ይህን ሰው ከተራራው ግርጌ ያለ ሁሉ «አይዘንብም» ብሎ ነው የሚጠራው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። ሰማዩ ጠቁሮ ሊወድቅ ሲደርስ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ አሸተት አሸተት ያደርግና «አይዘንብም» ይላል። ከዚያ ይዘንባል። ዛሬም ከማደሪያቸው ሲነሱ እንደ ልማዱ አሽትቶ፣ «እትዬ፣ ዛሬ እንኳን ዝናብ ጤዛም አይነካዎት» ብሎ ነበር።

ከረፋዱ ጀምሮ ዘነበ። መጀመሪያ እንደ ማፈር ብሎ አካፋ፤ ቀጥሎ ነፋስ ገባበትና በጎን መምታት ጀመረ፤ አሁን ደግሞ በረዶ የተቀላቀለበት ሆኖ ፊታቸውን ይለበልበዋል።

«አይዘንብም ያልከው ይኼ ምንድን ነው?» ብላ ጮኸች ሚስቱ ከነፋሱ በላይ።

«ይኼማ ዝናብ አይደለም እትዬ! ጉሙ ሲወርድ ነው!»

«እንዲህ ነዋ! እኔ ደግሞ ዝናብ መስሎኝ ልደነግጥ ነበር።»

ልብስ ሰፊው አልሳቀም። እሱ ሳቅና ቀልድ የሌለበት አንድ ነገር ነው የሚያስበው፤ የሚስቱን ደረት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ምግብ ስታበስል ኖራለች። በምድጃውና በዕቃ ማጠቢያው መሀል አንዲት መስኮት አለች፤ በመስኮቷ ውስጥ ደግሞ ይህ ተራራ። ሽንኩርት ስትከትፍ ተራራው፣ ድንች ስትልጥ ተራራው፣ የሾርባውን ድስት ስታማስል ተራራው። ጉም የዋጠው ቀን ከአብሳዮቹ አንዷ አንገቷን አስግጋ «ዛሬ ተራራው የለም» ትላለች። ሌላዋ «የት ሄደ?» ትላለች። ሦስተኛዋ «ፈቃድ ወጥቶ ነው» ትላለች። ይሳሳቃሉ፤ ሥራው ይቀጥላል።

ጡረታ ስትወጣ መስኮቷ ለሌላ ሰው ቀረች። የቤታቸው መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ እሱም ቀለሙ ተልጧል። አንድ ቀን እራት እያቀረበች፣ «ያን ጋራ ልወጣው ነው» አለች። «ዕድሜዬን ከዚያች መስኮት ሆኜ እሱን ሳየው ኖርኩ። አሁን ደግሞ እሱ ላይ ቆሜ መስኮቷን ልያት።»

ሳትታመም በፊት ቢሆን ማን ይከለክላት ነበር! ባለፈው ክረምት ግን ሳንባ ምች ጥሏት ነበር። ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ አልጋዋ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያንን ሲርሲር የሚል ትንፋሿን ሲያዳምጥ ከርሟል። ሐኪሙም ሲሸኛቸው፣ «እናቴ፣ ደረትዎ እንዳይረጥብ፣ ብርድ እንዳይመታዎት። ይኼ ነገር ዳግመኛ ከመጣ እንደ አሁኑ በቀላሉ አይለቅም» ብሏል። ስለዚህ የተራራው ወሬ ሲነሳ ልጃቸው ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው።

«አባዬ፣ አንተ እንኳ ልብ የለህም? እሷን ወደዚያ ብርድ?»

«የዝናብ ልብስ እሰፋላታለሁ» አለ ልብስ ሰፊው። «አንዲት ጠብታ አታልፍም። አንዲት ጠብታ ካለፈች፣ የትም እንሁን የት፣ ፊቴን አዙሬ ይዣት እመለሳለሁ። በቃ?»

«ከሱቅ ብትገዛላት አይሻልም?»

«እኔ ቤት? የተገዛ ልብስ? ሞቼ ነው?»

ሚስቱም በነገሩ ተስማማች። አንዲት ጠብታ ከገባች መመለስ ነው። ልጅቱም እያጉረመረመች ተስማማች።

ልብስ ሰፊው ከደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ በእግር የሚረገጠውን መኪናውን ዘይት አጠጥቶ ሥራውን ጀመረ። እዚህ ላይ ስለ አንድ አመሉ መናገር ያስፈልጋል። ይህ ሰው ሳይወሰውስ አይሰፋም። ሌላው ልብስ ሰፊ ጨርቁን ቆርጦ ወዲያው መኪና ላይ ሲጥለው፣ እሱ መጀመሪያ በጠመኔ ያሰምራል፤ በመስመሩ ላይ በእጁ፣ በነጭ ክር፣ ሰፋ ሰፋ እያደረገ ይወሰውሳል፤ ባለቤቱን አልብሶ ያያል፤ አስተካክሎ እንደገና ይወሰውሳል፤ ከዚያ ነው መኪናው የሚንቀሳቀሰው። በመጨረሻ ነጩን ክር መዞ ይጥለዋል። ሰፈርተኛው «መሐረብ ብትሰጠው እንኳ ወስውሶ፣ ለክቶህ ነው የሚመልስልህ» ይለዋል። እሱ ግን አይሰማም። «ያልተወሰወሰ ልብስ ሰውዬው ላይ ያኮርፋል» ባይ ነው።

ላስቲክ የተቀባውን ጨርቅ የሸጠለት የሸራ ነጋዴ፣ «ስፌቱን ከውስጥ በማጣበቂያ ምታው» ብሎታል። መታው። አንድም ስፌት አልዘለለም። ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለካው «ሹራብ የሚያስገባ አድርገው እንጂ፣ ምነው እንደ ሙሽራ አጠበቅከኝ» ስላለችው በየጎኑ፣ በየትከሻው ለቀቀላት፤ ከዚያው ጨርቅ ለራሱ የሰፋውንም አብሮ ለቀቀ። እንደገና ወሰወሰ፣ ሰፋ፣ ክሩን መዘዘ፣ ማጣበቂያ ቀባ። ያን ቀን ልብሱን ቤት ወስዶ በር ላይ ሰቅሎ ወደ ሱቁ ሲመለስ ያፏጭ ነበር።

አሁን እዚህ አቀበት ላይ በመጀመሪያ የቀዘቀዘው ትከሻው ነው። ላብ መሰለው። ቅዝቃዜው ግን እንደ ላብ አልተንሰራፋም፤ ቀጥ ብሎ ወረደ። ከአንገቱ ሥር ተነስቶ፣ ትከሻው ላይ ሄዶ፣ በብብቱ ዞሮ፣ በጎኑ በኩል እስከ ወገቡ። ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ እጁን ከልብሱ ሥር ሰደደ። ሹራቡ ላይ አንዲት ቀጭን እርጥብ መስመር አለች። በማስመሪያ የተሰመረች ነው የምትመስለው።

ልብስ ሰፊው ቆመ። መስመሯን አውቋታል። ልብሱን ከመልቀቁ በፊት በጠመኔ ያሰመራት፣ በነጭ ክር የወሰወሳት፣ ኋላም ክሯን መዞ የጣላት የመጀመሪያዋ መስመር ናት። ሱፍ ቢሆን፣ ክሩ ሲመዘዝ ቀዳዳውን በጥፍሩ ሻሸት አድርጎ በካውያ ቢያልፍበት ይጠፋል። ጨርቅ ይሽራል። ላስቲክ ግን አይሽርም፤ መርፌ የገባበት ሁሉ እንደ ተከፈተ ይቀራል። ዕድሜ ልኩን በመርፌ ሲኖር ይህን ሳያስብ ቀረ። እጁ ነዋ የለመደው! እጁ የለመደውን ሲሠራ ጭንቅላቱ አብሮት አልነበረም።

ከዚያ ቀና ብሎ የሚስቱን ጀርባ አየ። ያው ጨርቅ፣ ያው መርፌ፣ ያው ሰው። ያ ሲመካበት የዋለው ቀጥ ያለ ትከሻ በዓይኑ ላይ ወንፊት ሆነበት።

«ስሚ!» ብሎ ጠራት።

ዞር አለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ዓይኗ ግን እንደ ልጅ ዓይን ያበራል።

«አልረጠብሽም?»

«ደረቅ ነኝ። ምነው?»

«እንዲያው ነው።» ጥቂት አሰበ። አሁን ልብሱ ያፈሳል ቢላት መመለስ ነው፤ ቃል ቃል ነው። በዚያ ላይ ደግሞ... እንዲህ ያለ ነገር ከልብስ ሰፊ አፍ እንዴት ይውጣ? «ብንመለስስ?» አላት። «ጉልበቴ አስቸግሮኛል።»

«የትኛው?»

«ግራው።»

«ጠዋት ቀኙ አልነበር?»

«ተዛመተ።»

«በል ና፣ ተጓዝ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። «ያንተ ጉልበት ሲፈልግ ነው የሚያምህ።»

ተጓዘ። ይህን ያህል የደከመበት ቀን ትዝ አይለውም። ድካሙ የእግር ብቻ ቢሆን በተሻለው፤ አንዲት እርምጃ በተራመደ ቁጥር፣ «አሁን በአንዱ ቀዳዳ ገባባት፣ አሁን በሌላው» እያለ መርፌውን በሐሳቡ መልሶ ይወጋል። አንዴ ሳል ሰማ። በቅሎዋ ናት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰማ። በቅሎዋ አልነበረችም።

መንገዱ ዳር እንደ ጣሪያ የተንጠለጠለ ትልቅ ድንጋይ ነበር። ልብስ ሰፊው ደረስ ብሎ የሚስቱን ክንድ ያዘና ከድንጋዩ ሥር አስገባት። መንገድ መሪውም በቅሎዋን እየሳበ ተከተለ። እዚያ ውስጥ ነፋሱ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ልብሱ ያፈሳል» አላት።

ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«በስፌቱ አይደለም። በውስወሳው ነው። ወስውሼ የመዘዝኩት ቀዳዳው ሁሉ ክፍት ነው። የኔም ያንቺም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እንመለስ።»

ይህን ሲናገር የሚያየው የጫማውን አፍንጫ ነበር። ጨርሶ ቀና አለ። ሴትየዋ በቀዘቀዘ ጣቷ የዝናብ ልብሷን ቁልፎች አንድ በአንድ እየፈታች ነው።

«ምን ታደርጊያለሽ? ዝጊው! ብርድ ሊገባሽ!»

ከፈተችው። ከሥሩ፣ ሹራቧ ላይ፣ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ የሚወርድ ነጭ የላስቲክ ሽርጥ ለብሳለች። ያ ዕድሜ ልኳን ዕቃ ስታጥብ የታጠቀችው የወጥ ቤት ሽርጥ ነው፤ ዳር ዳሩ በፈላ ውሃ ብዛት ቢጫ ሆኗል። የልብስ ሰፊውን እጅ ይዛ ከሽርጡ ሥር አስገባችው። ሹራቧ ደረቅ ነው። ሞቃት ነው እንኳ።

«ታውቂ ነበር?»

«አንተ ሱቅ ስትመለስ መታጠቢያ ቤት ሰቅዬ ባልዲ ውሃ ለቀቅኩበት። ከውስጥ ሳየው በመስመር በመስመር ይንጠባጠባል። እንዲያውም ቀጥ ማለቱ ገርሞኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ቆሜ ጠበቅኩህ። እያፏጨህ ገባህ።»

«ማፏጨቴን ምን አመጣው?»

«ከታመምኩ ወዲህ ስታፏጭ የሰማሁህ ያን ቀን ነው።» ቁልፎቿን መልሳ መዝጋት ጀመረች። «ደግሞስ ብነግርህ ታስቀረኝ የለ?»

ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እንደሚበልጥ ልብስ ሰፊው አልጠየቃትም። አንዳንድ ነገር ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት የሚኖረው ስላልተጠየቀ ነው።

«ያንተም አለ» አለችው።

«የኔ ምን?»

«ሽርጥ ነዋ። ሁለት ነው የያዝኩት። ከበቅሎዋ ላይ ከብርድ ልብሱ ሥር ነው።»

«እና እኔ እንዲህ ስርስ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?»

«ምን ብዬ ልስጥህ? እንካ የወጥ ቤት ሽርጥህን ታጠቅ ብዬ? መላ እስካገኝለት ብዬ ነው። ጠዋት ደግሞ ይኼ ሰውዬ አይዘንብም አለ፤ አመንኩት።»

«እትዬ፣ በባልና በሚስት መሀል እኔን አያስገቡኝ» አለ መንገድ መሪው፤ ግን ቶሎ ብሎ ጭነቱን ፈታ፣ ሽርጡን አወጣ። ልብስ ሰፊው የዝናብ ልብሱን አውልቆ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ሽርጡን በአንገቱ አጠለቀ። መንገድ መሪው ፊቱን ወደ በቅሎዋ አዞረ። ትከሻውን ያንቀጠቀጠው ግን ብርዱ ብቻ አልነበረም።

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለው ልብስ ሰፊው። «ወጥ ልሥራልህ?»

ሽርጥ ግን ከፊት እንጂ ከኋላ የለም። ልብስ ሰፊው ይህ ሲገባው ሚስቱን በትከሻዋ ይዞ አዞራትና እጁን በአንገቷ ሥር ወደ ጀርባዋ ሰደደ። እዚያም ያቺ መስመር አለች፤ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ቀጥ ያለች። ክረምቱን ሙሉ ጆሮውን አስደግፎ ያንን ሲርሲርታ ያዳመጠበት ጀርባ ነው። እጁን ወዲያው ወደ ኪሱ ከተተ፤ ክር የሚያለሰልስበት የሰም ድቡልቡል መቼም ከኪሱ ተለይቶት አያውቅም። ሰሙ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ብብቱ ውስጥ ይዞ ቆየ፤ ብብቱም በርዶታል። ወደ አፉ ከተተው፤ አላመጠው።

«ምን ትበላለህ?» አለችው ሳትዞር።

«ቁሚ፣ አትንቀሳቀሺ። እጅሽን ዘርጊ።»

እጇን ዘረጋች፤ ልብስ ስትለካ እንደምትቆመው ቀጥ ብላ ቆመች። ልብስ ሰፊው ከልብሷ ላይ ውሃውን በመሐረቡ አበሰና፣ በከንፈሩ የለሰለሰውን ሰም በአውራ ጣቱ እያሸ ቀዳዳዎቹን ይደፍን ጀመር። በዓይኑ አያያቸውም፤ በጣቱ ነው የሚያገኛቸው፤ አንዱን ካገኘ የሚቀጥለው የት እንዳለ ያውቀዋል፤ የራሱ እጅ ነው የወጋው። የግራ ትከሻ፣ ከጀርባ መሀል፣ የቀኝ ጎን። ጣቱ ደንዝዞ የማይሰማው ሲሆን በእስትንፋሱ ያሞቀዋል። ሰሙ ለሷ በቃ። ለሱ አልተረፈም።

«ወደ ኋላው ቁልቁለት ነው፤ ግን ሩቅ ነው» አለ መንገድ መሪው፣ የልብስ ሰፊውን ፊት እያየ። «ወደ ፊት አቀበት ነው፤ ግን ከሸንተረሩ ወዲያ ማረፊያው ቅርብ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ዝናቡ...»

«አንተን አልጠየቅንህም» አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ።

ሚስቱ አልለመነችም። እጇን እንኳ ገና አላወረደችም። ልብስ ሰፊው ቃሉን አሰበ፤ ልጁን አሰበ፤ ረጅሙን ቁልቁለትና እስከዚያ የሚወርደውን ውሃ አሰበ። በስተመጨረሻ ደግሞ ያንን የተላጠ የጎረቤት ግድግዳ አሰበ።

«እንሂድ» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ላይ ነዋ። ጠብታ ያልኩት እኮ ደረት ላይ ነው።»

«ልጅህ እንዲህ አድርጋ አልተረዳችውም።»

«ልጄ እዚህ የለችም። እጅሽን አውርጂ፤ ጨርሻለሁ።»

የቀረውን አቀበት እንዴት እንደወጡት ልብስ ሰፊው ቢጠየቅ ብዙ የሚናገረው የለውም። ጥቂት ይራመዳሉ፤ ይቆማሉ፤ በቅሎዋም አብራቸው ትቆማለች። መንገድ መሪው «ይኸው ደረስን» ይላል፤ አይደርሱም። ውሃው በልብስ ሰፊው ጀርባ፣ በሠራለት መንገድ እየወረደ ሱሪው ውስጥ ይገባል። ቀዝቃዛነቱ ቆይቶ መሰማቱን ተወ፤ ክብደቱ ብቻ ቀረ። በየጊዜው ይደርስባትና እጁን በአንገቷ ሥር ሰዶ ጀርባዋን ይዳስሳል።

«እንዴት ነኝ?» ትለዋለች።

«ያው ነሽ። አልባሰብሽም።»

ከዚያ መሬቱ ጠፍጣፋ ሆነ። ከፊታቸው የሚወጡት አቀበት አልቀረም። ሸንተረሩ ይኼ ነው።

ሁሉ ነገር ነጭ ነው። ታች የለም፣ ላይ የለም፣ የበቅሎዋ ጭራ እንኳ በወጉ አይታይም። መንገድ መሪው እጁን ወደ አንድ ጎን ዘርግቶ፣ «ቢገለጥ ከተማው በዚህ በኩል ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ዛፎቹ አጠገብ...» ብሎ ጀመረና፣ ያለ ወትሮው አፍሮ እጁን አወረደ። ልብስ ሰፊው ሚስቱን ለማየት ፈራ። ይህን ሁሉ ደክማ፣ ደረቷን አስይዛ፣ ያገኘችው ጉም!

እሷ ግን እጁ ወዳመለከተበት ዞራ ቆማለች። ቆየት ብላ ትከሻዋ ይነቃነቅ ጀመር። ለቅሶ መስሎት ተጠጋት። ትስቃለች።

«ምን ሆንሽ?»

«አሁን እነዚያ ሴቶች...» ሳቁ ትንፋሽ አሳጣት። «አሁን አንገታቸውን በመስኮቷ አስግገው፣ ዛሬ ተራራው የለም እያሉ ነው። የት ሄደ፣ ፈቃድ ወጥቶ ነው እያሉ። እኔ ደግሞ ይኸው፣ ፈቃድ የወጣ ቀን መጥቼ እቤቱ አገኘሁት!»

ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ልብስ ሰፊው ደነገጠ፤ ሳሉ ግን አጭር ነበር፤ ሲርሲርታም አልነበረበትም። አንገቷን ሸፍኖላት ቁልቁለቱን ጀመሩ።

ማረፊያው ከድንጋይ የተሠራች አንዲት ክፍል ናት፤ ምድጃ፣ አግዳሚ ወንበርና ጥቂት ምስማሮች አሉባት። ገና ሳይመሽ ደረሱ። እሳቱ ሲያያዝ ልብስ ሰፊው ልብሱን አላወለቀም፤ መጀመሪያ የሚስቱን ሽርጥ ፈታላትና በሹራቧ ላይ መዳፉን አሳረፈ። ደረት፣ ደረቅ። ጀርባዋ ላይ ከሰሙ በፊት የገባችው ያቺ መስመር አለች፤ አልሰፋችም። ሹራቧን ቀየረላት፤ ብርድ ልብሱን አለበሳት፤ እሳቱ አጠገብ አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለና፣ የጫማውን ማሰሪያ እያየ፣ ለመፍታት ጎንበስ የሚልበት አቅም አጣ።

ሚስቱ ከነብርድ ልብሷ ጎንበስ ብላ ፈታችለት።

«ከቀዳዳው በቀር» አለች፣ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን የዝናብ ልብስ ቀና ብላ እያየች፣ «አሰፋፉስ ጥሩ ነው። ትከሻው ቆንጆ ነው።»

«ትከሻውስ ቆንጆ ነው» አለ እሱም፣ ዓይኑ እየተከደነ።

መንገድ መሪው በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተ፤ አፍንጫውን ወደ ውጭ አስወጣ፤ አሸተት አሸተት አደረገ።

«ነገ አይዘንብም» አለ።

ባልና ሚስት ተያዩ። ሴትየዋ ምንም ሳትናገር ተነሳች፤ ሁለቱን ሽርጦች አነሳችና፣ እስከ ነገ በደንብ እንዲደርቁ፣ እሳቱ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው።